በኦንላይን ወሲባዊ ጥቃት የደረሰበትን ልጅ መደገፍ፦ ስለ ስጋት ግምገማ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ጥቃት ከደረሰባቸው ልጆችና ከቤተሰቦቻቸው ጋር ነው የምሰራው። ሰው ከጅሬን ይምጣ ከመንደራ፣ ከአጂፕ ይምጣ ከሄርማታ፣ የሚጠይቀኝ ነገር ይመሳሰላል። ብዙ ጊዜ የምትመጣው እናት ናት። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፍታ ታስቀምጠዋለች። ከዚያ ዝም። ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አሁን አሁን ከአፏ ሳይወጣ አውቀዋለሁ። መልሶቹን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። በምሳሌ የማነሳቸው ልጆች ከብዙ ታሪክ የተቀላቀሉ ናቸው፤ ማንንም ለይተው አያሳዩም።

"የስጋት ግምገማ" የምትሉት ምንድን ነው? ልጄን ልትመረምሩብኝ ነው?

አይ። ልጅቷ ላይ የሚፈለግ ጥፋት የለም። የምናየው በዙሪያዋ ያለውን አደጋ ነው። ማን ሊደርስባት ይችላል? ምስሉ የት የት ሄዷል? ቤት ውስጥ ማን ምን ብሏታል? ማታ ትተኛለች? ነገ ጠዋት ትምህርት ቤት ስትሄድ መንገድ ላይ ማን ይጠብቃታል? እነዚህን አንድ በአንድ እንጠይቅና የትኛው ዛሬውኑ፣ የትኛው በዚህ ሳምንት፣ የትኛው ቀስ ተብሎ መያዝ እንዳለበት እንለያለን። ከዚያ እቅድ ይወጣል። ቢሮ ውስጥ "ሪስክ አሰስመንት" ሲባል ብትሰሙ ይሄው ነው።

የሚሰራው የሰለጠነ ማህበራዊ ሰራተኛ ወይም የስነ ልቦና ባለሙያ ነው። ቅጽ አለው። ቅጹ ግን ለባለሙያው ማስታወሻ ነው። ልጅ ፊት ተቀምጦ እንደ ቆጠራ "አዎ ወይስ አይደለም?" እያሉ መሙላት አይገባም። እንዲህ የሚያደርግ ካጋጠማችሁ "እባክህ ቀስ በልላት" በሉት። መብታችሁ ነው።

በአካል የነካት የለም፤ ስልክ ላይ ብቻ ነው። ይሄን ያህል ያስፈልጋል?

"ስልክ ላይ ብቻ" የምትለው ቃል ልጆችን በጣም ትጎዳለች። ምስሏ የወጣባት ልጅ ባጃጅ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ስልኩን አይቶ ፈገግ ባለ ቁጥር "እኔን አይቶ ይሆን?" ትላለች። ሰውየው እኮ የራሱን ቀልድ ነው የሚያነበው። እሷ ግን ቀኑን ሙሉ እንደዚህ ትውላለች።

ሁለተኛ፣ ስልክ ላይ የተጀመረ ነገር እዚያው ላይቀር ይችላል። "እንዳልለቀው ከፈለግሽ መጥተሽ አግኚኝ" የሚል መልእክት ይመጣል። ስለዚህ "በአካል አግኝቶሻል? እንድትመጪ የጠራሽ ቦታ አለ?" ብለን በጊዜ እንጠይቃለን። አግኝቷት ጥቃት ከፈጸመ ሰዓት ይቆጠራል። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድሃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። እርግዝና መከላከያውም እስከ 5 ቀን ነው። ያኔ ቅጽ፣ ቢሮ፣ ወረፋ የሚባል ነገር ይቆይ። በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም።

ደግሞ ብቻችሁን አይደላችሁም። የልጆችን ወሲባዊ ብዝበዛ የሚዋጋው ኤክፓት፣ ኢንተርፖልና ዩኒሴፍ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 ኢትዮጵያን በተመለከተ ባወጡት ጥናት፣ ኢንተርኔት ከሚጠቀሙ ከ12 እስከ 17 ዓመት ልጆች ቢያንስ 10 በመቶው በአንድ ዓመት ውስጥ ከባድ የኦንላይን ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ከ10 ልጆች አንዱ ማለት ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ተማሪ እንዳለ አስቡት።

ግምገማው ላይ ምን ትጠይቋታላችሁ? እኔ አብሬ ልቀመጥ?

መጀመሪያ የምንጠይቀው እሷን ነው፦ "እናትሽ ትቀመጥ ወይስ ውጭ ትጠብቅሽ?" እናት ውጭ ትቁም ካለች አትቀየሙ። ብዙ ልጅ ዝም የሚለው እናቱ ፊት ላይ ያለውን እንባ ማየት ስለማይችል ነው።

ቀጥሎ የምንይዘውንና የማንይዘውን ሚስጥር እንነግራታለን። "የምትነግሪኝን ለማንም አላወራም፤ ሕይወትሽ ወይም የሌላ ልጅ ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ግን ለሚመለከተው ሰው መናገር ግድ ይለኛል፤ ያኔም አስቀድሜ ላንቺ ነግሬሽ ነው" እንላለን። ይሄ ከመጀመሪያው ካልተነገራት ኋላ ላይ ክህደት ይሆንባታል።

ከዚያ የሆነውን ነገር ሁሉ አናስተርካትም። የምስሉን ዝርዝር አንጠይቅም፤ ምስሉንም አናይም። ለግምገማው አያስፈልግም። የሚያስፈልገን የዛሬና የነገ አደጋ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ቀረብ አድርጌ ላሳያችሁ። የ14 ዓመት ልጅ ናት። "ስጋት አለሽ?" ስትባል "የለኝም" አለች። "ቤት ደህና ነሽ?" "ደህና ነኝ።" አብራት የመጣችው አክስቷ ስለ ቴሌግራም ነው የምታወራው፤ ቻናሉ፣ አካውንቱ፣ ፓስዎርዱ። ወረቀት ሰጠኋትና "ከቤት ተነስተሽ ትምህርት ቤት እስክትደርሺ ያለውን መንገድ ሳይልኝ" አልኳት። ቤቱን ሳለች። በአዌቱ ላይ ያለውን ድልድይ ሳለች። ከድልድዩ አለፍ ብሎ አንድ ሱቅ ሳለች። እስክሪብቶው እዚያ ሱቅ ላይ ቆመ። መልሳ መላልሳ አጠቆረችው። ወረቀቱ ሊቀደድ ደረሰ። ሱቁ በር ላይ የሚቀመጡ ልጆች ምስሉን አይተውታል። ስታልፍ ስም ያወጡላታል። ሁለት ሳምንት ሙሉ በዚያ መንገድ ላለማለፍ ስትል ከትምህርት ቤት ቀርታለች፤ ቤት ግን "ሄድኩ" እያለች ነበር። በእነዚያ ቀናት የት ትውል ነበር? ማንም አያውቅም። ትልቁ አደጋ እዚያ ነበር። አዋቂዎቹ ሁላችንም ስልኩ ላይ አፍጥጠን ሳለ ልጅቷን ያስፈራት መንገዱ ነው።

የመጀመሪያው ቀን እቅዳችን ሦስት ነገር ብቻ ነበረው። የአጎቷ ልጅ ጠዋትና ከሰዓት አብሯት ይሄዳል። መንገዱ ለጊዜው ይቀየራል። ከትምህርት ቤት መምህራን ውስጥ እሷ የመረጠቻት አንዲት መምህርት በቀረች ቀን ትደውላለች። ለዚህ በጀት አላስፈለገም። መጠየቁ ብቻ ነበር ያስፈለገው።

ራሷን ትጎዳ ይሆን ብዬ እፈራለሁ። ብጠይቃት ደግሞ ሀሳቡን የማስገባባት ይመስለኛል።

ጠይቋት። መጠየቅ ሀሳቡን አያስገባም። ሀሳቡ ካለባት ግን ብቻዋን ከመሸከም ያሳርፋታል። አዟዙራችሁ "ክፉ ነገር አታስቢም አይደል?" አትበሏት፤ መልሱን እናንተው ሰጣችኋት ማለት ነው። ቀለል አድርጋችሁ፣ ዓይን ዓይኗን ሳታፈጡባት፣ ምናልባት አብራችሁ ሽንኩርት እየከተፋችሁ፦ "እንዲህ ሲገጥማቸው መሞትን የሚመኙ ልጆች አሉ። አንቺስ እንደዚያ ተሰምቶሽ ያውቃል?"

"አዎ" ካለች አትጩሁ፣ አትቆጡ፣ "ኃጢአት ነው" ብላችሁም አትጀምሩ። "ስለነገርሽኝ እግዜር ይስጥሽ" ወይም "አላህ ይስጥሽ" በሉ። ያን ቀን ብቻዋን አትተውዋት። ቤት ያለ መድሃኒትና የተባይ መርዝ ቆልፉበት። እና ሐኪም ጋ ይዛችኋት ሂዱ። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የህክምና ማዕከል የአእምሮ ህክምና ክፍል አለ። ሌሊት ከሆነ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ እስኪነጋ አይጠበቅም።

ስልኳን ልቀማት? ያንን ቆሻሻ ሁሉ ልደምስሰው?

ሁለቱንም አታድርጉ። ንዴታችሁ ይገባኛል። ግን ያ ሰው ሲያስፈራራት የከረመው ምን ብሎ ነው? "እናትሽ ካወቀች አለቀልሽ" ብሎ። ስልኩን ስትነጥቋት እሱ እውነት ተናጋሪ ሆነ፣ እናንተ ደግሞ ቀጪ ሆናችሁ። ሁለተኛ አትነግራችሁም። ከጓደኞቿ ጋር የምታወራበትም ይዘጋባታል።

ማስረጃው ደግሞ ስልኩ ውስጥ ነው። ቴሌግራም ላይ ያኛው ወገን መልእክቱን ከሁለታችሁም ስልክ ማጥፋት እንደሚችል እወቁ። ስለዚህ ቶሎ የንግግሩን፣ የማስፈራሪያውን፣ የአካውንቱን ስምና ቁጥር፣ ቀንና ሰዓቱን ስክሪንሾት አንሱ። ከዚያ ስልኩን ፖሊስ እስኪያየው ድረስ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። ብሎክ ማድረግ ከዚህ በኋላ ይደረስበታል።

አንድ ጥንቃቄ። የልጅቷን ራቁት ምስል ስክሪንሾት አታንሱ፣ ለዘመድ አትላኩ፣ "ማስረጃ ይሁነኝ" ብላችሁ ወደ ራሳችሁ ስልክ አታስተላልፉ። አንድ አባት በንጹህ ልብ ለሦስት ወንድሞቹ ልኮት ነበር፤ "እዩት ይሄን ጉድ" ብሎ። ምስሉ በዚያው ወደ ሌላ ግሩፕ ሄደ። ፖሊስ ራሱ ስልኩ ላይ ይየው።

ብር እየጠየቀ ነው። ከፍዬ ልገላገለው?

አትክፈሉ። የከፈለ ሰው ሲገላገል አላየሁም። ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል፣ ሦስተኛውም ይመጣል። ከከፈላችሁ ግን አትፈሩ፣ እሷንም አትቆጧት። የቴሌብር መልእክቱን አስቀምጡት፤ የግብይት ቁጥሩ ጥሩ ማስረጃ ነው።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይሉኛል። ምስሉን ማጥፋት ይቻላል?

ሙሉ በሙሉ ይጠፋል ብዬ አልዋሻችሁም። ስርጭቱን መቀነስ ግን ይቻላል፤ ልዩነቱም ትልቅ ነው። በመጀመሪያ በየመተግበሪያው ውስጥ "ሪፖርት" የሚለውን ተጭናችሁ የልጆች ጥቃት የሚለውን ምረጡ። ብዙ ሰው በየአካውንቱ ሪፖርት ቢያደርግ ይረዳል ብላችሁ ግን ሊንኩን ለሰፈር አትበትኑ። ያ ማስታወቂያ ነው።

ሌላው "ቴክ ኢት ዳውን" የሚባል ነጻ አገልግሎት ነው። የጠፉና ጥቃት የደረሰባቸው ልጆች ጉዳይ ላይ የሚሰራ የአሜሪካ ማዕከል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 የጀመረው ነው። ምስሉ ከስልኳ አይወጣም። ስልኩ ራሱ ከምስሉ ላይ እንደ ጣት አሻራ ያለ ቁጥር ያወጣል፣ የሚላከው ቁጥሩ ብቻ ነው። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክን የመሳሰሉ ተባባሪ ድርጅቶች በዚያ ቁጥር ምስሉን ፈልገው ያነሱታል። ስሟን አይጠይቅም። ምስሉ በእጇ ከሌለ ግን አይሰራም። ሁሉንም መተግበሪያም አይሸፍንም።

ለግምገማው ምስሉ የት እንዳለ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ማን አየው የሚለው ሌላ ነው። አንድ ሺህ የማታውቃቸው ሰዎች ካዩት ይልቅ የክፍሏ አንድ ልጅ ያየው ሊከብዳት ይችላል። እሷኑ ጠይቋት።

ፎቶው የእሷ አይደለም። ፊቷን ቆርጠው ራቁት ገላ ላይ ለጠፉት።

በኤአይ (በሰው ሰራሽ አስተውሎት) የተሰራም ቢሆን የሚያመጣው ፍርሃትና ማስፈራሪያ አንድ ነው። ግምገማው ላይም በእኩል ዓይን ይታያል። "ውሸት መሆኑን እናውቃለን" ማለቱ ጥሩ ነው፤ በቃ ብሎ መተው ግን ልክ አይደለም።

ልጄ ወንድ ነው። እሱንም ይመለከታል?

በደንብ። ወንዶች ልጆች ላይ ብዙ ጊዜ ሴት መስሎ የሚቀርብ አካውንት ነው የሚመጣው። ምስል ይለዋወጣሉ፣ በሰዓታት ውስጥ "ብር ላክ" ይጀመራል። በጣም ፈጣን ስለሆነ ልጁ የማሰቢያ ጊዜ አያገኝም፤ ራስን የመጉዳት ጥያቄው በዚያው ቀን መጠየቅ አለበት። "ወንድ አይደለህ እንዴ?" አትበሉት። ደፍሮ ስለነገራችሁ አመስግኑት።

ሰውየውን እናውቀዋለን። ዘመድ ነው። በሽማግሌ ብንጨርሰውስ?

ይሄ ጥያቄ እዚህ ከተማ በየጊዜው ይመጣል። ሽምግልናን አከብራለሁ። ስንት ደም ያደረቀ፣ ስንት ትዳር የመለሰ ነው። ለዚህ ግን አይሆንም። የልጅ ወሲባዊ ጥቃት ወንጀል ነው፤ ቤተሰብ ተስማምቶ የሚዘጋው ጉዳይ አይደለም። ከሕጉ በፊት ደግሞ ልጅቷ አለች። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ካሳ ተቆርጦ፣ ሰውየው በበዓል ቀን መጥቶ እሷ እጅ ስታስታጥበው አስቡት። እሷ ያን ቀን የምትማረው ዋጋዋ ስንት እንደሆነ ነው።

ሽማግሌ ሊሰራው የሚችለው ሌላ ሥራ አለ። የሱቅ በር ላይ ያሉትን ልጆች መገሰጽ። ጎረቤቱን "የልጅ ስም አታንሱ" ማለት። አንድ የሰፈር አባት በሁለት ቀን ያስቆሙትን ስድብ እኛ በወር አናስቆመውም ነበር።

አጥቂው እዚያው ቤት የሚኖር ከሆነ ወይም ቤቱን የሚያስተዳድረው እሱ ከሆነ አደጋው ከሁሉም የከፋ ነው። ማን የት ይተኛል? በሩ ከውስጥ ይቆለፋል? እናት ሌሊት ሥራ ላይ ናት? እሱ ባለበት ልጅቷን አታናግሯት፣ እንዳወቃችሁም ገና አታሳውቁት። መጀመሪያ ደህና የምትሆንበት ቦታ ይፈለግ። ከቤት መውጣት ያለበትም እሱ ነው። ልጅቷ ከእናቷ፣ ከትምህርቷና ከጓደኞቿ ተነቅላ ገጠር አያት ጋ ስትላክ እንደ ተቀጣች ነው የምትቆጥረው።

ፖሊስ ጋ ስንሄድ ምን እንጠብቅ? ሕጉስ ምን ይላል?

ፖሊስ ጣቢያ ስትደርሱ የህጻናትና ሴቶች ጉዳይ የሚከታተለውን ክፍል ጠይቁ። ሴት መርማሪ ከፈለገች ተናገሩላት። በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው። ልጅቷ በአማርኛ፣ በዳውሮኛ ወይም በየምኛ የምታስብ ከሆነ ከመጀመሪያው ተርጓሚ ይጠየቅላት። ልጅ በሁለተኛ ቋንቋው ስለ እንዲህ ያለ ነገር ሲናገር ግማሹ ይቀራል።

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 12 የልጅን ወሲባዊ ምስል ማዘጋጀት፣ ማሰራጨት፣ መሸጥና ይዞ መገኘትን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ልጅን በመልእክት፣ በምስል ወይም በቪዲዮ ለወሲብ ማነሳሳት ደግሞ ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው። ምስሉን ራሷ ልካው ቢሆንስ? የሚጠየቀው ያታለላት ነው። ይሄን ደጋግማችሁ ንገሯት። የሕግ ምክር ካስፈለጋችሁ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ አለው።

አንድ የሚያመኝን ነገር ልናገር። አንዲት ልጅ ይዤ በአንድ ቀን ሦስት ቢሮ ዞሬያለሁ። በሦስቱም "እስኪ ከመጀመሪያው ንገሪን" ተባለች። በመጀመሪያው አለቀሰች። በሁለተኛው አላለቀሰችም። በሦስተኛው ድምጿ ጠፋ፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ የሚሰማ ነገር የለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጅቷ ከፈቀደች ጉዳዩን በአንድ ገጽ ጽፌ ይዤ እሄዳለሁ። ወረቀቱን አስቀድሜ ለባለሙያው እሰጣለሁ። እናንተም ይሄን መጠየቅ ትችላላችሁ። የምስክርነት ቃል በሕግ የሚጠየቅበት ቦታ አለ፤ ሌላው ቦታ ሁሉ ግን መድገም ግዴታ አይደለም።

ለማን ልንገር? ትምህርት ቤትስ?

ልጅቷ የመረጠችው አንድ ሰው ይበቃል። ርዕሰ መምህር፣ የክፍል ኃላፊ፣ ዘበኛ ሁሉም ማወቅ የለባቸውም። ቤት ውስጥም እንደዚያው።

እና ቡናው! ጅማ ነን፣ ቡና ሳይጠጣ አይዋልም። ሦስተኛው ስኒ ላይ ሆድ ይከፈታል። "ለእህቴ ብቻ ብዬ" የተባለ ነገር ማታ ሰፈር ሁሉ ጋ ይደርሳል። የከበዳችሁን የምታወሩበት ሰው ያስፈልጋችኋል፤ እናንተም ቆስላችኋል። ከአማካሪው ጋር ለራሳችሁ ቀጠሮ ያዙ። ቡናው ላይ ግን የልጅቷ ስም አይነሳ።

ግምገማው አንዴ ከተሰራ በቃ አይደል?

አይበቃም። አደጋው ይለዋወጣል። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ማስፈራሪያው ነው የሚያስጨንቀው፣ ከወር በኋላ ብቸኝነቱ ሊሆን ይችላል። እኛ መጀመሪያ አካባቢ በየጥቂት ቀኑ እናያታለን፣ እየረጋች ስትመጣ እናራዝመዋለን። ከዚህ ውጭ ቀጠሮ ሳይደርስ እንደገና የምንቀመጥባቸው ቀናት አሉ፦ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ሲቃረብ፣ ሰውየው በዋስ ሲወጣ፣ ትምህርት ቤት ስትቀይር፣ አዲስ ስልክ ስትይዝ። የልደት ቀኗ ወይም ነገሩ የተከሰተበት ወር ሲመጣ የምትረበሽም አለች።

ውጤቱን ለእሷም እናሳያታለን። "ባለፈው ይሄ ቀይ ነበር፣ ዛሬስ ምን ቀለም እናድርገው?" እንላታለን። ልጆች ከእኛ በተሻለ ይመዝናሉ። አንዳንዴ እኛ አረንጓዴ ያልነውን መልሰው ቀይ ያደርጉታል፤ ያኔ እቅዱን የምንቀይረው እኛ ነን።

ምስሉ እንደገና የሆነ ቦታ ብቅ ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ። በዚያው ቀን ኑ።